መስመሩ ዳር ያደርኩ ዕለት

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ። «ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይባላል። እኔ ግን ፈርቼ ሳይሆን ኮርቼ ነበር የተኛሁት። ስለዚህ ሕልሙን ከመንገሬ በፊት ያኮራኝን ነገር ልንገራችሁ፤ ሳልነግራችሁ ብቀር ያንቀኛል።

አንማው እባላለሁ። የወይራ አምባ ሁለገብ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የኮምፒውተር ሠራተኛ ነኝ። የማኅበሩን ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ። ገመዱን በግድግዳው ላይ የሳብኩት፣ ጫፉን እየላጥኩ ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በየቀለማቸው የደረደርኩት፣ አንዲቷን የኢንተርኔት መስመር ለስድስቱም ያካፈልኩት እኔ ነኝ። ከወንዙ ማዶ፣ ድንጋይ በር ላይ ካለው እህት ማኅበራችን ጋር ፊት ለፊት እየተያየን የምንሰበሰብበትን ካሜራና ማይክም የተከልኩት እኔው ነኝ። ሊቀ መንበራችን መጀመሪያ «ኧረ ባለሙያ ከዞን ይምጣ» ይሉ ነበር። አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር ክፍሉን ከፍተው ያስጎበኛሉ። እኔም ምንም እንዳልሠራ ሰው በሩ ጋ ቆሜ አቀረቅራለሁ።

ማዶ ያለውን የሠራችው ፈንታነሽ ናት። ሦስት ወር ሙሉ መስመሩን አብረን ስንሞክር ከረምን። እኔ «ይሰማል?» እላታለሁ፣ እሷ «ይሰማል» ትለኛለች። እሷ «ይታያል?» ትለኛለች፣ እኔ «ኧረ በደንብ» እላታለሁ። እንዲህ እንዲህ ሲል ነገሩ ወደ ጋብቻ ዞረ።

አባቷ አቶ ባይለየኝ የድንጋይ በር የውኃ አባት ናቸው። የመስኖውን ውኃ ለገበሬው በተራ የሚያድሉት እሳቸው ናቸው፤ ለገዛ ወንድማቸው እንኳ ተራ አያስቀድሙም። ሽማግሌ መላክ ያለብኝ ለእኚህ ሰው ነው። ድልድዩን ደግሞ ክረምት ላይ ጎርፍ ወስዶታል። በዞኑ ከተማ ዞሮ ለመሄድ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ከሦስቱ ሽማግሌዎቼ አንዱ አያ ቸኮል ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በዚያ ላይ እሑድ የሌላ ሰው ሽማግሌዎች እንደሚሄዱ ሰማሁ። ማዶ የሚኖር ባለ መኪና ነው፤ የሚሻገረው ወንዝ የለበትም። እሱ ከቀደመኝ አለቀልኝ። ስለዚህ የኔዎቹ ቅዳሜ ጠዋት በቪዲዮ እንዲጠይቁልኝ ፈቃድ አስለመንኩ። አቶ ባይለየኝም «ይምጡ፤ በምንም ይምጡ» አሉ።

ዐርብ ሥራ ሲያልቅ ካሜራውን አስተካከልኩ። ወንበር ላይ ተቀምጬ በራሴ ቁመት ለካሁት፣ ፊቴ መሐል ላይ ጥርት ብሎ ታየ። ዘበኛችን ስልኩን ለመሙላት መስመሩን የሚያከፋፍለውን ራውተር ከሶኬት የመንቀል አመል ስላለበት ቤቴ አልሄድኩም። ፈንታነሽም በበኩሏ መስመሩን ክፍት ትታ ወጣች፤ «ሳይቋረጥ ካደረ ጠዋት አይከዳንም» ተባብለን ነበር። ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይገኝምና፣ ሲነጋ መስመሩን አስረክቤ ልወጣ ነበር። ማዶ ያለውን ባዶ ወንበር በስክሪኑ እያየሁ ራሴን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረግሁ።

በሕልሜ ቀትር ነበር። ከማኅበሩ ግቢ ስወጣ ኢንተርኔቱ በቦይ ይፈስሳል። ቦዮቹ ስምንት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው በየቀለማቸው፣ ልክ እኔ እንደደረደርኳቸው። ገበሬዎች በዶማ አፈሩን እየከፈቱ ወደየማሳቸው ይጠልፉታል። አንዲት ሴት በጀሪካን ቀድታ በአጠገቤ አለፈች። ጀሪካኑ ውስጥ ሰዎች ሲከራከሩ ይሰማል።

«ስንት ቀን ያቆይሻል?» አልኳት።

«ለእንግዳ ካልቀዳሁት ሳምንት» አለችኝ። «የትናንቱ ግን ዝቃጭ ነበረው፤ ስብሰባው ሁሉ ከታች ቀረብኝ።»

በየገበሬው ደጃፍ የወረዳ ኃላፊዎች ፋይላቸውን ታቅፈው ተሰልፈዋል። አንድ ገበሬ በመስኮት ብቅ ብሎ «ማኅተሜ የለችም፣ ልጇን ልትድር አገሯ ሄዳለች። ነገ ኑ» አላቸው። ኃላፊዎቹ እጅ ነስተው አመሰገኑ። አንደኛው ጠጋ ብሎ «ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ ወንድሜ። የምፈልገው እኮ ሰውዬውን ማገልገል ብቻ ነው» አለኝና እንባው በዓይኑ ሞላ። አሳዘነኝ። እኔም ስልክ ቁጥሩን ተቀብዬ «እከታተልልሃለሁ» አልኩት፤ እንደማልከታተል ሁለታችንም እናውቃለን።

ወንዙ ዳር ስደርስ ድልድዩ ሻይ ቤት ተቀምጦ አገኘሁት። አንድ እግሩን በአንዱ ላይ አነባብሮ ሻይ ይጠጣል። ወንዙ ግን ተራ እስኪደርሰው ከውጭ ቆሞ ይጠብቃል።

«ጎርፍ ወስዶህ አልነበር እንዴ?» አልኩት።

«የት ይወስደኛል? ዕድሜ ልኬን ሰው ሲሻገርብኝ ኖርኩ፣ አንድ ቀን እኔም ልሻገር ብዬ ነው» አለ ድልድዩ። «የቪዲዮ መስመር የዘረጋኸው አንተ ነህ አሉ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንጀራዬን ነጠቅኸኝ።»

ደነገጥኩ፤ ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ድልድዩ ተነሥቶ ጉንጬን ሳመኝ። «ተባረክ» አለኝ፤ «ጀርባዬን ያሳረፍከኝ አንተ ነህ። የዚህን ልጅ ሻይ እኔ እከፍላለሁ!» ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበሩት የወፍጮ ቤቱ ጭስ ማውጫና የትምህርት ቤቱ ደወል ተነሥተው አጨበጨቡልኝ። ድልድይ ያሳረፈ ሰው በአገራችን ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። በሩ ላይ ራውተሩ ቆሞ ዘበኛውን ከግድግዳው እየነቀለ ነበር። «ስልኬን ልሞላ ነው፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ» አለኝ። ዘበኛው ተነቅሎ ዝም አለ። ውስጥ ስድስቱ ኮምፒውተሮች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ስድስት ሰዎች ተደርድረዋል። መሐላቸው ሊቀ መንበራችን አሉ። አንዷ ኮምፒውተር አፍንጫቸውን ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች።

«እኚህ ሰው ተንቀራፍፈዋል። ምን ላድርጋቸው?» አለችኝ።

«አጥፍተሽ አብሪያቸው» አልኳት፤ ሙያዬ ነዋ።

እምብርታቸውን ተጭና እስከ ዐሥር ቆጠረች። ሊቀ መንበሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ቆይተው ገለጡ። ከዚያም «ባለሙያ ከዞን አያስፈልግም፣ አንማው አለ» አሉ። ኮምፒውተሯ ረክታ «አሁን በትክክል ሠሩ» አለች። ይኼን ቃል ከእሳቸው አፍ ለመስማት ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ። ሕልምም ቢሆን ደስ አለኝ።

በዚህ መሐል አንዲት በቅሎ ኮት ለብሳ ገባችና ከመድረኩ ቆመች። «ስብሰባ ተጀምሯል» አለች። ግድግዳው ሁሉ ስክሪን ሆነ፣ አገሩ በሙሉ በየትንሿ መስኮት ተደርድሮ ታየ። በቅሎዋ «ዝም የማለት ዕድል ለማን ልስጥ?» ስትል ሁሉም እጁን አወጣ። ዕድሉ የደረሰው ሰውዬ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠራረገና ረዥም ዝምታ ዝም አለ። «በጣም ጠቃሚ ሐሳብ ነው» አለች በቅሎዋ፤ «በቃለ ጉባኤ ይያዝ።»

ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። «ሁለተኛው አጀንዳ አንማው ነው። ለማኞች ደጅ ቆመዋል።»

በሩ ተከፈተና አቶ ባይለየኝ ሦስት ሽማግሌ አስከትለው ገቡ። የልጅቱ አባት እኔን ሊለምኑ መጥተዋል! አራቱም ግን ከአንገት በላይ የላቸውም። ጋቢ አለ፣ ቀበቶ አለ፣ ከዘራ አለ፣ ጭንቅላት የለም።

«ጭንቅላታችሁስ?» አልኩ።

«መንገድ ላይ ነው» አለ የአቶ ባይለየኝ ድምፅ ከበር ውጭ። «መስመሩ ቀጭን ስለሆነ ሆዳችንን አስቀደምን።»

መስመሬ ቀጭን ነው መባሉ ከነከነኝ። ቢሆንም አማቼ ናቸውና «ቁጭ በሉ» አልኳቸው። እንደምታውቁት ሽማግሌ ሆኖ የተላከ ሰው እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ባለ ልጁ «ቁጭ በሉ» ካለ ልጄን ሰጠሁ ማለቱ ነው። እነዚህ ግን «እሺ ብለኸናል፣ እንግዲህ አንቀመጥም» ብለው ጭራሽ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ።

«ከሁሉ በፊት ዘር ይቆጠር» አለች በቅሎዋ። «አንማው፣ አባትህ ማነው?»

«አንቺ ነሽ እኔን አባትህ ማነው የምትይኝ?» አልኳት።

«ዕድሜ ልኬን ስጠየቅ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ የመጠየቅ ተራዬ ነው። ሰባት ቤት ቁጠር።»

አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን ልቆጥር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን የኮምፒውተሬ አድራሻ ነበር፤ በአንድ መረብ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ከሌላው የሚለይበት ቁጥር አለው። «አንድ መቶ ዘጠና ሁለት፣ አንድ መቶ ስድሳ ስምንት፣ አንድ፣ ሰባት» ብዬ ቆጠርኩ። ፈንታነሽ በአንዷ መስኮት ብቅ አለችና እሷም ቆጠረች። እስከ መጨረሻዋ ሰባት ድረስ አንድ ሆነ።

በቅሎዋ ኮቷን ቆለፈች። «አድራሻችሁ አንድ ነው። እህትና ወንድም ናችሁ፤ ጋብቻው ቀርቷል። አንድ አድራሻ ለሁለት ከተሰጠ ሁለቱም መስመር እንደማያገኙ አንተው ታውቃለህ።»

እውነቷን ነው፣ አውቃለሁ። ሦስት ወር «ይሰማል፣ ይታያል» ያልነው ሁሉ በአንድ ቁጥር ሊቀር ነው።

«ፈንታነሽ፣ አድራሻሽን ቀይሪ!» ብዬ ጮህኩ።

«ለምን እኔ? አንተ ቀይር!» አለች። እንደ ሁልጊዜው ትክክል ነበረች።

ወንበር ላይ ወጥቼ ቆምኩ። «ስሙ!» አልኩ አገሩን በሙሉ። «የዚህን መረብ እያንዳንዷን ጫፍ በእነዚህ ጣቶች የጨመቅሁት እኔ ነኝ። አድራሻ የማድለው እኔ ነኝ። በቅሎም ብትሆን፣ ሊቀ መንበርም ቢሆን ከእኔ ሳይቀበል መስመር የሚገባ የለም! ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ቁጥር ስምንት ነው!»

በቅሎዋ በሰኮናዋ ቆጠረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ሰባት፣ ከዚያ አንድ ጨመረች። «ስምንት። ከሰባት ቤት አልፏል» አለች ቅር እያላት። «ይጋቡ።» አገሩ በየመስኮቱ እልል አለ። ደረቴ ተነፍቶ የሸሚዜ ቁልፍ ተበጠሰ።

አቶ ባይለየኝ ግን እልል አላሉም። ከጋቢያቸው ሥር ዶማ አወጡ። «አንማው፣ ተራህ አልፏል። ውኃው ሲመጣ አልነበርክም» አለ ድምፃቸው።

«እዚሁ ነበርኩ እኮ!»

«ተኝተህ ነበር» አሉ።

በሕልም መሐል ተኝተሃል መባል እንዴት እንደሚያስደነግጥ የደረሰበት ያውቀዋል። አቶ ባይለየኝ ዶማውን አንሥተው ቦዩን ቆረጡት። የራውተሩ መብራቶች አንድ በአንድ ጠፉ። የፈንታነሽ ፊት ተቆራርጦ እንደ ዳማ ሰሌዳ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ሆነ፣ አፏ ግንባሯ ላይ ወጣ። ዘልዬ ቦዩ ውስጥ ገባሁና የተቆረጠውን አንዱን ጫፍ በቀኝ እጄ፣ ሌላውን በግራ እጄ ያዝኩ።

ኢንተርኔቱ በእኔ ውስጥ ማለፍ ጀመረ። በቀኝ ገብቶ በግራ ይወጣል። የማዳበሪያ ሪፖርት በትከሻዬ አለፈ። የአንድ ሰው ሳል አለፈ። የሆነ ወረዳ ስብሰባ ጎኔ ላይ ትንሽ ተጣብቆ ቆየና እሱም አለፈ። ክንዴ ሊገነጠል ደርሷል፣ ግን አልለቅም። ከእኔ የተሻለ ገመድ እስካሁን አልተፈበረከም! የፈንታነሽ ፊት ቀስ በቀስ ተሰበሰበ፤ አፏም ወደ ቦታው ወረደ።

«ይሰማል?» ብዬ ጮህኩ። «ይሰማል ወይ? ፈንታነሽ፣ ይሰማል?»

«ይሰማል» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ። «እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ሲሰማ ነው።»

ቀና አልኩ። ነግቷል። በስክሪኑ ላይ ያ ባዶ ወንበር አሁን ባዶ አይደለም። አቶ ባይለየኝ ከነጭንቅላታቸው፣ ከነባርኔጣቸው ተቀምጠው ያዩኛል። ከኋላቸው ቤተ ዘመዱ ቆሟል፤ ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ከዳር ፈንታነሽ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛለች።

ዞር ስል የእኔ ሦስት ሽማግሌዎች ከኋላዬ ቆመዋል። በስክሪኑ ጥግ ወደ ማዶ የሚሄደውን የእኛን ምስል አየሁት። መሐል ላይ የእኔ ፊት፣ ጉንጬ ላይ የኪቦርድ ቁልፎች ታትመውበት፤ ከኋላው ሦስት ሆድ። ከሆድ በላይ ምንም የለም። ካሜራውን ተቀምጬ ስለካ ሽማግሌ ቆሞ እንደሚለምን ረስቼዋለሁ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ ዋናው ሽማግሌ መሪጌታ ልሣነወርቅ በሹክሹክታ፣ በከዘራቸው ጎኔን እየወጉ። «ጠያቂው ራሱ እዚህ ይገኛል? አዋረድከን! ውጣ!»

«የት ይሄዳል? ይቆይ፤ ንጋቱን አብረን ነበርን» አሉ አቶ ባይለየኝ ከማዶ። «ተራ ያለው ሰው ቀድሞ ይገኛል ብዬ ዶሮ ሳይጮህ መጣሁ። ሲያንኮራፋ ሰማሁት። ልጄን አድራሻሽን ቀይሪ እያለ ሲቆጣም ሰማሁት። የሆነች በቅሎም ሲሰድብ ነበር።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን እኔ እኔ ነኝና ሳልጠይቅ መውጣት አልቻልኩም።

«ድምፁ ተቆራረጠ?» አልኩ።

«አንዴም» አሉ።

ዕድሌ በቋፍ ላይ እያለ እንኳ ደረቴ ተነፋ። መሪጌታ ሌላ ጉድ ሳልጨምር ልመናውን ጀመሩ። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን ከደጅዎ ቆመናል» አሉ። ማዶ ላሉት የሚናገረው መሐለኛው ሆድ ነበር። አቶ ባይለየኝ ጉንጬ ላይ የታተሙትን የኪቦርድ ቁልፎች ትክ ብለው አዩ። አያ ቸኮል የታመመ ጉልበታቸውን ይዘው አቃሰቱ፣ ግን አልተቀመጡም።

«ይኼ ልጅ ቤት የለውም እንዴ? ለምን እዚያ አደረ?» አሉ አቶ ባይለየኝ በመጨረሻ።

«አለው እንጂ» አሉ መሪጌታ። «ዘበኛው መስመሩን እንዳይነቅልበት ሲጠብቅ ነው።»

አቶ ባይለየኝ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሃያ ሁለት ዓመት ውኃ አድያለሁ» አሉ። «ተራው ንጋት ላይ የሆነ ገበሬ ቤቱ አይተኛም። ቦዩ ዳር ተኮራምቶ ያድራል። ቤቱ የተኛማ ሲመጣ ውኃው ተጠልፎ ነው የሚያገኘው።» ወደ ልጃቸው ዞር ብለው አዩ፤ እሷ እጇን ከፊቷ አንሥታለች። «ይኼኛው መስመሩ ዳር አድሯል። ተራው የእሱ ነው። በሉ ቁጭ በሉ።»

ማዶ እልልታው ቀለጠ። በእኛ በኩል መጀመሪያ አያ ቸኮል «ተመስገን» ብለው ዘጭ አሉ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ያን ጊዜ የሦስቱም ፊት አንድም ሳይጎድል መሐል ላይ ጥርት ብሎ ታየ።

«ኧረ መሪጌታ! እርስዎ ኖረዋል?» አሉ አቶ ባይለየኝ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው። «እስካሁን ከሆድ ጋር ነው እንዴ ስነጋገር የነበርኩት?»

መሪጌታ ልሣነወርቅ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ቀልቷል። «አንተ፣ ካሜራውን ለምንድነው እንዲህ አዘቅዝቀህ የተከልኸው?»

«ቁጭ በሉ እንደሚሏችሁ አውቄ ነዋ!» አልኩ።